ስህተቱን ሳታሳዩ ሲዲኤፍን ከአማካዩ አታውጡ

የሴርኑ ሙከራ ሲኤምኤስ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ውጤቱን ካወጣ ወዲህ «የደብልዩ ቦዞን (ደካማውን የኑክሌር ኃይል የሚያስተላልፈው ቅንጣት) መጠነ ቁስ ጉዳይ ተዘግቷል» የሚል ወሬ በርትቷል። አልተዘጋም። አንዱ ቁጥር፣ የፌርሚላቡ ሙከራ ሲዲኤፍ ያገኘው ከሌሎቹ ከፍ ያለ ልኬት፣ ከስሌቱ ወጣ፣ የቀሩት ተስማሙ፣ ጉዳዩም ያለቀለት መሰለ። የቅንጣት ልኬቶችን ሰብስቦ አማካያቸውን የሚያትመው ፓርቲክል ዳታ ግሩፕ በ2024 ያወጣው 80,369.2 ± 13.3 ሜጋ ኤሌክትሮንቮልት (የቅንጣት መጠነ ቁስ መስፈሪያ) ሲዲኤፍን አልጨመረም። ቁጥሩ የመጣው የሴርንና የፌርሚላብ ሙከራዎች በ2023 በጋራ ከሠሩት ጥምር ስሌት ነው። እዚያ ሁሉም ልኬቶች አብረው ሲገቡ የመስማማት ዕድላቸው 0.5 በመቶ፣ ሲዲኤፍ ሲወጣ ደግሞ 91 በመቶ ሆኗል። ያልተስማማውን አስወጥቶ «የቀሩት እንዴት እንደተስማሙ እዩልኝ» ማለት ማስረጃ አይደለም።

ከሁሉም ደካማው ክርክር «አምስት ልኬቶች ለአንድ ሲዲኤፍ ነው» የሚለው ነው። ልኬት በድምፅ ብልጫ አይወሰንም። ደግሞስ አምስቱ እነማን ናቸው? የሌፕ የስህተት ወሰን 33፣ የኤልኤችሲቢ 32፣ የዲዜሮ 23 ነው። ሌፕ ከሲዲኤፍ የሚርቀው 1.7 ሲግማ (የጋራ የስህተት ወሰናቸው 1.7 እጥፍ) ብቻ ስለሆነ ለየትኛውም ወገን ጠንካራ ምስክር ሊሆን አይችልም። አትላስ በ15.9 ይሻላል። የእውነት የተፋጠጡት ግን ሁለት ናቸው፦ ሲዲኤፍ በ80,433.5 ± 9.4 እና ሲኤምኤስ በ80,360.2 ± 9.9።

«ሲዲኤፍ መለኪያውን አበላሽቶት ይሆናል» የሚሉም አሉ። የቱን መለኪያ? ደብልዩ ሲፈርስ የሚወጣው ሙዮን (የኤሌክትሮን ከባድ ዘመድ) በመግነጢስ መስክ ውስጥ ሲያልፍ መንገዱ ይታጠፋል፤ ሞመንተሙ የሚወጣው ከዚያ ቅስት ነው። መለኪያው ከ10,000 አንድ ቢዛባ የደብልዩ መጠነ ቁስ በ8 ሜጋ ኤሌክትሮንቮልት ይዛባል። ስለዚህ ሲዲኤፍ መለኪያውን መጠነ ቁሳቸው በደንብ በሚታወቁት ቅንጣቶች በጄ-ፕሳይና በዩፕሲሎን ካስተካከለ በኋላ የደብልዩ ዘመድ በሆነው በዜድ ቦዞን ፈተነው። በሙዮን ያገኘው 91,192.0 ± 7.5 ነበር፤ ሌፕ ያጸናው 91,187.6 ነው። ልዩነቱ 4.4 ብቻ! በሲዲኤፍና በሲኤምኤስ መካከል ያለው የ73 ክፍተት ከሞመንተም መለኪያ የመጣ ቢሆን ኖሮ ዜድ በ83 ገደማ በተዛባ ነበር። አልተዛባም። በዚያ ላይ የደብልዩው ውጤት እስከ መጨረሻው ድረስ በድብቅ ቁጥር ተሸፍኖ ስለተሠራ፣ ተንታኞቹ ወደሚፈልጉት ቁጥር ሊገፉት አይችሉም ነበር።

አሁን ወደ ስሌቱ እንምጣ፤ እርሳስና ወረቀት ይበቃል። ስድስቱን ልኬቶች ውሰዱ፦ ሌፕ 80,376፣ ዲዜሮ 80,375፣ ኤልኤችሲቢ 80,354፣ አትላስ 80,366.5፣ እና ሁለቱ ተፋጣጮች። 1ን ለየስህተት ወሰኑ ካሬ አካፍሉና ለእያንዳንዱ ያን ያህል ሚዛን ስጡት። አማካዩ 80,391 ± 5.8 ይወጣል። ያ 5.8 ግን ልኬቶቹ እርስ በርስ እየተጣሉ የተገኘ ስለሆነ አይታመንም። የልኬቶቹን ጠብ የሚለካው ካይ ስኩዌር ለ5 ነጻ ቁጥሮች 34.5 ነው፤ ቢስማሙ ኖሮ 5 አካባቢ በሆነ ነበር። ፓርቲክል ዳታ ግሩፕ ራሱ ለእንዲህ ዓይነት ጠብ የቆየ ደንብ አለው፦ ካይ ስኩዌሩን ከልኬቶቹ ብዛት አንድ ተቀንሶ በሚቀረው አካፍል፣ ካሬ ሥሩን አውጣ፣ የስህተት ወሰኑን በዚያ አብዛ። 34.5 ለ5 ሲካፈል 6.9፣ ሥሩ 2.6 ነው። ወሰኑ 15 ይሆናል። 80,391 ± 15፤ የቅንጣት ፊዚክስ ዋና ንድፈ ሐሳብ የሆነው ስታንዳርድ ሞዴል ከሚተነብየው 80,357 ± 6 በ2 ሲግማ ገደማ ይርቃል። ሰማይ አልተደፋም፤ አዲስ ፊዚክስም አልታወጀም። ሲዲኤፍን ስታስወጡት ግን በዚያው ስሌት 80,364 ± 7.5 ታገኛላችሁ። የስህተት ወሰኑ በግማሽ ጠበበ፤ ጥራቱ የተገኘው አንድም አዲስ ልኬት ሳይጨመር፣ አንድ ልኬት በመጣል ነው። ይህ ያናድዳል። ለቻርጅድ ካዮን መጠነ ቁስና ለኒውትሮን ዕድሜ ልኬቶች ሲጋጩ ወሰኑ ይሰፋል። ለደብልዩ ሲሆን ደንቡ ለምን ተቀየረ?

በወረቀት የሠራነው ልኬቶቹ የሚጋሩትን ስህተት፣ በተለይ የፕሮቶንን ውስጣዊ ስርጭት (በውስጡ ያሉት ቅንጣቶች ሞመንተሙን የሚከፋፈሉበትን ሁኔታ)፣ አይቆጥርም። ማስፋፊያውም ጥፋተኛውንና ንጹሑን እኩል ይቀጣል። ይህን እቀበላለሁ። የ2023ቱ ቡድን ግን ልኬቶቹን ሁሉ ወደ አንድ የጋራ ስርጭት አምጥቶ አይቷል፤ ክፍተቱ አልተዘጋም።

ስህተት ካለ የሚፈለግበት ቦታ ይታወቃል። ደብልዩ ሲፈርስ ከሙዮኑ ወይም ከኤሌክትሮኑ ጋር የሚወጣው ኒውትሪኖ ሳይታይ ስለሚያመልጥ መጠነ ቁሱ የሚነበበው የሙዮኑ ወይም የኤሌክትሮኑ ተሻጋሪ (ከጨረሩ ወደ ጎን ያለው) ሞመንተም 40 ጊጋ ኤሌክትሮንቮልት አካባቢ ቁልቁል ከሚወርድበት ጠርዝ ነው። ያን ጠርዝ የሚያደበዝዙት የደብልዩው የራሱ ተሻጋሪ ሞመንተምና በተቃራኒው የሚረጨው የቅንጣቶች ግፊት ናቸው። እዚያ ገብቶ በዚህ ምክንያት በዚህን ያህል ተዛብቷል የሚል ሰው እስኪመጣ ድረስ፣ በሚቀጥለው እትም ሰንጠረዥ ላይ ሲዲኤፍ ከነሚዛኑ ይግባ፤ ወሰኑም ይስፋ።