ላሟ ማን ናት?

ጎጃም ውስጥ ደራሲነትን የሚያከብደው አንባቢው ነው። የዲማና የዋሸራ ቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር፣ ተራ ዓረፍተ ነገር ጽፎ በሰላም ማደር የለም። ሰሙን፣ ላይ ላዩን ትርጉም፣ ሰምቶ ወርቁን፣ የተደበቀውን፣ ሳይፈልግ የሚተኛ ሰው አላጋጠመኝም።

በቀደም አጭር ልቦለድ ጻፍኩ። «ላሟ ገደል ገብታ ሞተች» ብሎ ይጀምራል። ላም ናት በቃ። ቀንድ አላት፣ ጭራ አላት፣ ገደል ገባች። ለአጎቴ አነበብኩላቸው። እሳቸው በልጅነታቸው አኮፋዳ አንግተው ቅኔ የቆጠሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና፣

«ላሟ ማን ናት?» አሉኝ።

«ላም ናት፣ አያ።»

«እሱማ ሰሙ ነው። ወርቁን አምጣው እንጂ።»

«ወርቅ የለውም።»

«ፈርተሃል ማለት ነው» አሉና ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ገደሉስ?»

ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰው። ላሟ እኔ ነኝ ብለው የተቀየሙኝ ሴቶች አሉ። አንዷማ ላም መባሏን ይቅር ብላለች፤ መግደሌ ግን አልወጣላትም። አንድ ጎረቤቴ ደግሞ «ገደሉ» እሱ እንደሆነ ገብቶት ሰላምታ ነስቶኛል። እውነቱን ለመናገር፣ ገደል ለመባል የሚበቃ ሰው አይደለም።

ሌላው ጣጣ የአገር ልጅነት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት እዚሁ ከደብረ ማርቆስ ብዙም ሳይርቅ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። ስለዚህ ሁለት ገጽ የሞነጫጨረ ሁሉ በሳቸው ሚዛን ይመዘናል። እኔ መጽናኛ የማደርጋት አንዲት ስሌት አለችኝ። ሰውየው የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ሃምሳ ስድስት ዓመት ገደማ! እና «መቼ ነው የምትጨርሰው?» ለሚለኝ «ኧረ ገና ነኝ» እላለሁ። መሀል ላይ ጣሊያንን እንደተዋጉ፣ ተማርከው እንደታሰሩ፣ ኋላም አምባሳደርና ሚኒስትር እንደሆኑ የምታስታውሰኝ ባለቤቴ ናት።

«እሳቸውን ያሰራቸው ጣሊያን ነው። አንተን ያሰረህ ቴሌግራም ነው» ትለኛለች።

ሐሳብ እንቢ ሲለኝ ለአያ አቤት አልኩ። ሳቁብኝ። የቅኔ ተማሪ ቀን ቁራሽ ይለምናል፣ ከውሻ ጋር ይታገላል፣ ከዚያ ዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ በልቡ ያዘጋጃል ማለት ነው። ጊዜው ሲደርስ የኔታ ፊት ቀርቦ ይናገራል። የትናንቱን መድገም ነውር ነው። የጓደኛን መውሰድማ አይነሳ። ጀማሪው ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት መስመር፣ ባለው ጉባኤ ቃና በሚባል ቅኔ ይነሳል፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ የሚደርሰው ኋላ ነው።

«አንተ ግን» አሉኝ፣ «ፊደል ሳትጨርስ መወድስ አማረህ። እስቲ የኔታ ፊት ቁምና ‹ሐሳብ አልመጣልኝም› በል!»

ከዚያ ወዲህ በየማታው ሁለት መስመር ይዤላቸው እሄዳለሁ። ባዶ እጅ መሄድ ያሳፍራል። ለካስ ሰውን የሚያስጽፈው እፍረት ኖሯል። ችግሩ፣ በሁለቱም መስመር ወርቅ ይፈልጉበታል።

ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ብዬ ያዩኝ ጎረቤቶች ግን ሥራ ላይ ነው አይሉም። «ሥራ ከሌለህ ድንኳን እንትከል» ይሉኛል። የዕድሩ ደብዳቤ፣ የሠርጉ መጥሪያ፣ የቀበሌው ማመልከቻ ሁሉ የእኔ ነው። ክፍያው «እጅህ ይባረክ» ነው። አንድ ሽማግሌ በድንበር ነገር አቤቱታ አስጽፈውኝ፣ ሲነበብላቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«ለሰለሰ። ትንሽ አክርርልኝ፣ ልጄ።»

አከረርኩት። በሳምንቱ እንቁላል በሰፌድ ይዘው መጡ። አቤቱታው ተነቦ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል። ከጻፍኩት ሁሉ ማንም ወርቅ ሳይፈልግበት ዳር እስከ ዳር የተነበበ እሱ ብቻ ነው።