ጥቂት ገንዘብ ላለው የባሕር ዳርቻ መናፈሻ፣ ከመጫወቻው በፊት ጥላው

አንድ ማዘጋጃ ቤት የሕዝብ የባሕር ዳርቻ መናፈሻን ለቤተሰብ ምቹ ለማድረግ ጥቂት ገንዘብ ሲመድብ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚታሰበው በቀለም ያሸበረቀ የልጆች መጫወቻ ነው። መጫወቻ ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጥለታል፤ የመጸዳጃ ቤት ቧንቧ ሲጠገን ግን ማንም ሪባን አይቆርጥም። በእኔ እምነት ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። ባሕርና አሸዋ ባለበት ልጅ መጫወቻ አያጣም፤ ሕፃን የያዘን ቤተሰብ ገና ሳይጠግብ ወደ ቤቱ የሚመልሰው የጥላ፣ የንጹሕ ውኃና የመጸዳጃ እጦት ነው።

ጥላው ይቅደም የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የሚበረታው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ቤተሰቦችም ባሕር ዳር የሚውሉት በእነዚሁ ሰዓታት ነው። ደረቅ አሸዋ ካረፈበት ጨረር 15 በመቶ ያህሉን፣ የባሕር አረፋም 25 በመቶ ያህሉን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ፣ ጠባብ ጃንጥላ ሥር የተኛ ሕፃን ከጎን በሚመጣው ጨረር መመታቱ አይቀርም። ስለዚህ ሰፋ ያለ ጥላ ያስፈልጋል። ርካሹ ጥላ ዛፍ ነው፤ ችግኙ በመጀመሪያው ዓመት ይተከል፣ እስኪያድግም ነፋስ ሲበረታ የሚወርድ ሸራ ይወጠር። ሸውሸዌ የተባለው ዛፍ ጨውና ነፋስ ስለሚችል በብዙ አገሮች ባሕር ዳር ተተክሏል፤ ሆኖም ፍሎሪዳን በመሰሉ ቦታዎች ነባሩን ዕፅዋት የሚያፈናቅል ወራሪ ስለሆነ፣ የየስፍራውን አገር በቀል ዛፍ መምረጥ ይሻላል።

መጸዳጃ ቤት ከሁሉም ብዙ ወጪ የሚጠይቀው ሥራ መሆኑ አይካድም። ይሁንና ተቆልፈው ከሚውሉ ሦስት መጸዳጃ ቤቶች ይልቅ በየጊዜው የሚጸዳ አንድ ይበልጣል። ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ፣ የውኃና የፍሳሽ መስመር በሚቀርብበት ቢሠራ የቁፋሮው ወጪ ይቀንሳል። የዳይፐር መቀየሪያ መደርደሪያና የእግር መታጠቢያ ቧንቧ መጨመርም ብዙ አያስወጣም፤ መደርደሪያው በሴቶቹ በኩል ብቻ ካልተሰቀለ አባቶችም ይገለገሉበታል።

ከግንባታው ይልቅ በጀቱን የሚፈትነው ግን ጨው ነው። የዥዋዥዌ ሰንሰለት የሚንጠለጠልበትን ብሎን ልብ ብሎ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ በዚንክ የተለበጠው እንኳ ከባሕር በሚመጣው እርጥበት ቀስ በቀስ ይበላል፣ ቡናማው ዝገት በእንጨቱ ላይ ይወርዳል፣ በመጨረሻም ዥዋዥዌው ይታጠርና ለወራት እንደታጠረ ይቀራል። ሞሊብዲነም የተጨመረበትና 316 በሚል መለያ የሚሸጠው የማይዝግ ብረት የተሻለ ይቋቋማል፤ ዋጋው ግን ወደድ ይላል። ከዚህ የተነሣ ጥቂትና ጠንካራ ዕቃ መግዛት፣ በሚቻልበትም ብሎን የማይሹ ግንዶችንና ድንጋዮችን ለመወጣጫ ማዋል ይሻላል። ከተመደበው ገንዘብ የተወሰነው ለጥገና ተለይቶ ካልተቀመጠ ግንባታው ባይጀመር ይመረጣል።

ወደ ውኃው የሚወስደውም መንገድ አንድ ሆኖ በግልጽ ይከለል። ሰው ሁሉ በፈለገበት በኩል ሲወርድ በአሸዋው ክምር ላይ ያለው ሣር ይረገጣል፤ ሣሩ ሲሞት አሸዋውን ነፋስ ይወስደዋል፣ ከማዕበል የሚከላከለው ክምርም ይሳሳል። ተዳፋቱ ከ1 ለ12 ያልበለጠ (በ12 ሜትር ርዝመት ከ1 ሜትር በላይ ከፍ የማይል) የእንጨት መተላለፊያ ሣሩን ከመታደጉም በላይ ለተሽከርካሪ ወንበርና ለሕፃን ጋሪ ያገለግላል። የዋና ጠባቂ በሌለበት ባሕር ዳር ደግሞ፣ ወደ ባሕሩ ውስጥ የሚጎትት የውኃ ጅረት የወሰደው ሰው ከጅረቱ ጋር ሳይታገል ከዳርቻው ጎን ለጎን እንዲዋኝ የሚመክር ሰሌዳ ይተከል፤ ከዚህ ያነሰ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ አላውቅም።

ገንዘብ ከተረፈ መጫወቻው ይምጣ። ቦታው ግን ከጥላው ሥር፣ ከመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ሆኖ በሚታይ ስፍራ ይሁን፤ ታናሹን የሚያጥብ ወላጅ ታላቁን ከዓይኑ እንዳያጣ።