ሚዛኑ ይረጋ እንጂ!

አሁን ከአትክልት ቤት መግባቴ ነው። ሽንኩርቱን ከነፌስታሉ ወለሉ ላይ ጥዬ ነው ይህን የምጽፈው። ደሜ ፈልቷል።

ያ ልጅ ዛሬም ያችኑ ሥራውን ሠራት። ሽንኩርቱን ከላይ ወርወር ያደርገዋል። ሳህኑ ጧ ብሎ ይወርዳል፣ መርፌዋ ተፈናጥራ ሁለት ኪሎን ታልፋለች። ተመልሳ ሳትረጋ ሳህኑን ብድግ! «ሁለት ኪሎ! እንዲያውም አልፏል፣ መርቄልሻለሁ።» ምኑን ነው የመረቀልኝ? መርፌዋ መቼ ቆመችና ነው?

«ወንድሜ፣ እስቲ መልሰህ አስቀምጠው፣ መርፌዋ ትቁም» አልኩት። በትህትና ነው ያልኩት። «የኔ ጌታ» ሁሉ ብዬዋለሁ።

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እህት፣ ኢንጂነር ነሽ እንዴ? ለሁለት ኪሎ ሽንኩርት ፍርድ ቤት እንቁም?» አለኝ። ሰዉ ሳቀ። ፊቴ እሳት ሆነ። ይባስ ብሎ ከኋላዬ ያሉት እናት «ኧረ ልጄ፣ ለአንድ ራስ ሽንኩርት አታስቁሚን፣ ሥራ አለን» አሉኝ። እሳቸውም እኮ ከዚያው ሚዛን ሊገዙ ነው የቆሙት! ከልጁ ይልቅ ያንገበገበኝ የእሳቸው ነገር ነው።

ኢንጂነር አይደለሁም። ይሄ ግን ኢንጂነር መሆን አይጠይቅም። ሚዛኑ ውስጥ ያለው ሞላ ነው። የተጫነበት ክብደት እጥፍ ሲሆን መለጠጡም እጥፍ ይሆናል፣ መርፌዋም ያንኑ ተከትላ ትዞራለች። ሮበርት ሁክ የሚባል እንግሊዛዊ ይህን ሕግ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1678 አሳትሞታል። ግን ክብደቱ የሚነበበው ዕቃው ሲረጋ ነው። ሽንኩርቱን ሳይወረውሩ፣ ሳህኑን አስነክተው በድንገት ቢለቁት እንኳ መርፌዋ ለቅጽበት ወደ እጥፉ ልትጠጋ ትችላለች። ከላይ ሲወረወርማ ከዚያም ታልፋለች። ከዚያ ወዲያ ወዲህ ትልና ትቆማለች። ትክክለኛው ቁጥር ስትቆም ያለው ነው። ይሄ ልጅ የሚያስከፍለን ደግሞ በዝላዩ ነው!

ደግሞም ሞላ ይደክማል። ከአቅሙ በላይ ሲጫን ወደ ቦታው አይመለስም። የዚያ ሚዛን መርፌ ሳህኑ ባዶ ሆኖ ዜሮን አልፋ ነው የምትቆመው። በዓይኔ አይቻለሁ። ሽንኩርቱ ገና ሳይወጣ አየር እየሸጠልን ነው።

የሥጋ ቤቱማ ይብሳል። ሥጋውን ጣል ያደርግና አውራ ጣቱን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አሳርፎ ወሬ ይጀምራል። ልጆች እንዴት ናቸው፣ እማማ ተሻላቸው ወይ... ጣቱን ጣቱን ሳይ «ምነው እታለም፣ እንተዋወቅ የለም እንዴ?» ይለኛል። ስለተዋወቅን ጣቱን በሥጋ ዋጋ ልግዛ?

ባለ ሁለት ሳህኑ ይሻላል የምትሉ አላችሁ። እሱን እኔም እወደዋለሁ፣ ድንቅ ፈጠራ ነው። ሮበርቫል የሚባል ፈረንሳዊ በ1669 ያመጣው አሠራር ነው። ከሥሩ ትይዩ ዘንጎች ስላሉት ዕቃው ሳህኑ መሃል ቢያርፍ ጠርዙ ላይ ቢያርፍ ለውጥ የለውም። ግን የግራና የቀኙ ክንድ እኩል መሆን አለበት። በብረቱ በኩል ያለው ክንድ 24 ሳንቲሜትር፣ በዕቃው በኩል ያለው 25 ቢሆን፣ አንድ ኪሎ ብላችሁ ይዛችሁ የምትገቡት 960 ግራም ነው። ባዶውን ቀጥ ብሎ ስለቆመም አትመኑት። በአጭሩ በኩል ከሥር እርሳስ ለጥፎ ማስተካከል ይቻላል። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ ብረቱንና ዕቃውን ቦታ አለዋውጡ። ክንዶቹ እኩል ከሆኑ ሲለዋወጥም ቀጥ ይላል። ካጋደለ አባይ ሚዛን ነው።

ግን ማን ያስለዋውጣችኋል? ባለፈው ጉሊት ላይ ጠይቄ ነበር። ሴትዮዋ የግማሽ ኪሎው ብረት ጠፍቶባት በፌስታል የቋጠረችው ድንጋይ ነው ያላት። «ድንጋዩን ቤት መዝኜው ነው የመጣሁት» አለችኝ። በምን መዘንሽው? «በዚሁ በሚዛኑ!» ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ፣ ከዚያ ደከመኝ። እሷ እንኳ ለማጭበርበር አልነበረም፣ ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ብረት መግዣ የላትም። ያኛው ልጅ ግን አውቆ ነው የሚያደርገው፣ እጁ ለምዶታል!

ዛሬ ከፍዬ ወጣሁ። ምን ላድርግ? ሰልፉ ያጉረመርማል፣ ሽንኩርት የሌለው ወጥ ደግሞ አይሠራም። ያ ሁሉ ሰው ሰከንድ የማትሞላ ትዕግሥት አጥቶ በየቀኑ ገንዘቡን ይሰጣል፣ ጠያቂዋ ደግሞ ጭቅጭቃም ትባላለች።

ነገ ቲማቲም ልገዛ እዚያው ነኝ። መርፌዋ ሳትቆም ብር ከቦርሳዬ አይወጣም። ከኋላዬ የምትሰለፉ፣ ታገሡኝ።