የጡረታ ገንዘባችሁን ከዕድሜያችሁ ጋር አስታርቁት

ወገኖቼ፣ ይሄን የምጽፈው አሜሪካ ለምንኖር ሐበሾች ነው። የጡረታ ገንዘብ አያያዛችን የተገላቢጦሽ ሆኗል። ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም።

የሃያ ስምንት ዓመቱ ልጅ «ስቶክ (የካምፓኒ ድርሻ) ይወድቃል» ብሎ 401ኬውን፣ ማለትም በመሥሪያ ቤቱ በኩል የሚያጠራቅመውን የጡረታ ገንዘብ፣ ብዙም የማይዋዥቀው ግን ትርፉ አነስተኛ የሆነው መኒ ማርኬት ላይ አስተኝቶታል። ስልሳን ሊደፍኑ ሁለት ዓመት የቀራቸው አባቱ ደግሞ ቡና ላይ የሰሙትን አምነው፣ የዕድሜ ልክ ጥሪታቸውን አንድ ስቶክ ላይ፣ ሲብስም ክሪፕቶ ላይ ያፈሳሉ። ኧረ ተዉ! መድፈር የነበረበት ልጁ ነው።

የአምስት መቶ ያህል ትልልቅ የአሜሪካ ካምፓኒዎችን የስቶክ ዋጋ የሚለካው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከ2007 ኦክቶበር እስከ 2009 ማርች ድረስ ከግማሽ በላይ ወረደ። ወደ ቀድሞ ዋጋው የተመለሰው በ2013 ነው። በእነዚያ ዓመታት ከየደሞዙ ማስገባቱን ያላቋረጠ ወጣት በርካሽ ገዛ። ለቤት ኪራይ ገንዘብ ማውጣት ግድ የሆነበት ጡረተኛ ግን በኪሳራ ሸጠ፤ ገበያው ሲያገግም የሸጠው ሼር እጁ ላይ አልነበረም። አንዱ ገና የብዙ ዓመት ደሞዝ ይጠብቀዋል፤ የሌላው ደሞዝ ቆሟል።

«ከመቶ ላይ ዕድሜህን ቀንስ፤ የቀረው ፐርሰንት ስቶክ ይሁን» የሚባል የቆየ ስሌት አለ። ለመነሻ ደህና ነው፤ እኔ ግን እሱ ብቻ በቂ ነው አልልም። የቤቱን ዕዳ ጨርሶ ሶሻል ሴኩሪቲ የሚያገኝ ሰውና በስልሳ አምስት ዓመቱ ኪራይ እየከፈለ አገር ቤት ቤተሰብ የሚጦር ሰው እኩል ኪሳራ አይችሉም።

እናቶቼ፣ ፈርቶ ሁሉንም ካሽ ማድረግም ያስጠቃል። በስልሳ አምስት ጡረታ የወጣ ሰው ገና ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት ሊኖር ይችላል። ኑሮው እንዴት እንደሚወደድ ደግሞ እያያችሁት ነው። ጥቂት ስቶክ ይቆይ። የሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት የቀለብና የኪራይ ገንዘብ ግን የስቶክ ገበያው የማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

መምረጥ ለከበደው ታርጌት ዴት ፈንድ አለ፤ ስቶክንና ቦንድን (ለመንግሥት ወይም ለካምፓኒ በወለድ የሚሰጥ ብድር) ቀላቅሎ የሚይዝ ነው። ስሙ ላይ ጡረታ የሚወጣበት ዓመት ገደማ ተጽፏል። ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆነው 2060 የሚለውን፣ ስልሳ የተጠጋው 2030 የሚለውን ቢይዝ፣ ዓመቱ በቀረበ ቁጥር ፈንዱ ራሱ ስቶኩን እየቀነሰ ቦንዱን ይጨምራል። የሚያስከፍለውን ዓመታዊ ክፍያ ግን አይታችሁ ግቡ።

ልጆች፣ አባታችሁ ሥራ ሲቀጠሩ የሞሉትን የጡረታ ፎርም ከዚያ ወዲህ አላዩት ይሆናል። በዚህ ቅዳሜ አብራችሁ ቁጭ በሉና ስቴትመንቱን ክፈቱ። ስንት ፐርሰንቱ ስቶክ ነው? ከዚያ ውስጥ የአንድ ካምፓኒ የሆነው ስንት ነው? መልሱን በአማርኛ አስረዷቸው። ከዚያ የራሳችሁን ክፈቱ።