አዲሱ አይጠየፍ

ደሴ ላይ አይጠየፍ የሚባል አዳራሽ አለ። ንጉሥ ሚካኤል ናቸው ያሠሩት፣ ግብር ሊያበሉበት። ስሙም በከንቱ አልወጣለትም፤ ባለ ካባውንም ባለ ቡትቶውንም አይጠየፍም ለማለት ነው። የመጣ ይገባል፣ የገባ ይበላል። እኛ ደሴዎች እንግዳ ሲመጣ ወስደን የምናሳየው፣ ካሳየነው በኋላም «ድሮ እንዲህ ነበርን» ብለን የምንቆዝምበት ቦታ ነው።

መቆዘሙ ይብቃን። አዲስ አይጠየፍ ተከፍቷል። ያለውም ስልክህ ውስጥ ነው፤ ቤቲንግ አፕ ይሉታል፣ የኳስ መወራረጃ። የግብር ቀን አትጠብቅም፣ ሌት ተቀን ክፍት ነው። ሊስትሮውን አይጠየፍ፣ መምህሩን አይጠየፍ፣ ባለ ጋሪውን አይጠየፍ፣ ጡረተኛውን አይጠየፍ። 10 ብርህን ተቀብሎ በስምህ ጠርቶ «እንኳን ደህና መጣህ» ይልሃል። በዚህ ከተማ 10 ብር ይዞ የገባን ሰው በስሙ የሚጠራ ሌላ ቤት ካለ ንገሩኝ፣ እኔም ልሂድ።

ልዩነቱ ትንሽ ነው። በድሮው አይጠየፍ ሰዎች ገብተው ይበላሉ። በአዲሱም ገብተው ይበላሉ። ሲጻፍ አንድ ነው። ሁለተኛውን ስታነቡት ግን ጠበቅ አድርጉልኝ።

እና ይሄ የምስጋና ጽሑፍ ነው። የቤቲንግ አፕ ለደሴ የዋለውን ውለታ እስካሁን የቆጠረለት የለም፤ ተበልቶ የመጣ ሁሉ መራገም ብቻ። ውለታ መካድ ደግሞ ወሎ ላይ ነውር ነው።

ትምህርቱን እንውሰድ። ያክስቴ ልጅ ባጃጅ ነጂ ነው፣ ከፒያሳ ሆጤ። አስረኛ ክፍል እያለ ስዊድንና ስዊዘርላንድ አንድ አገር ይመስሉት ነበር። ዛሬ የጃፓን ጨዋታ ደሴ ላይ በቁርስ ሰዓት እንደሚጀምር፣ የብራዚል ደግሞ ሌሊት እንደሆነ፣ ፊንላንዶች ክረምታቸው ስለሚከብድ ሊጋቸውን በበጋ እንደሚጫወቱ ያውቃል። ግንቦት ላይ የእንግሊዝ ሊግ ሲያልቅ እንግዲህ ይሄ ልጅ ትንሽ ያርፋል ብዬ ነበር። «አብሽር ጋሼ፣ ፊንላንድ አለች» አለኝ። የፊንላንድ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ተከላካይ ጉልበቱን እንዳመመውና ቅዳሜ እንደማይገባ ነገረኝ። የእናቱን ጉልበት ካመማት ሦስተኛ ዓመቷ ነው። እሱ ዜና ገና አልደረሰውም።

አክስቴ ደግሞ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከክፍሉ ብርሃን ስታይ ተሃጁድ ሊሰግድ የተነሣ መሰላት። አለቀሰች። ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ዲኑን ያዘ» ብላ ነገረች። «ያ አላህ! ያ አላህ!» ሲል በጆሮዋ ሰምታለች፣ እሱስ እውነት ነው። ብራዚል ውስጥ ኮርነር ተገኝቶ ነበር።

ጠዋት ቡና ላይ ፊቱ አመድ መስሎ የመጣበት ቀን አይረሳኝም።

«ምን ሆነሃል ልጄ?»

«ተበላሁ እማ። ሁሉም ገብተውልኝ አንዷ ገደለችኝ።»

«ማናት እሷ?»

«ፊንላንድ።»

አክስቴ ሲኒውን አስቀመጠች። ትንሽ አሰበች። «የማን ልጅ ናት?» አለች።

ይቺ «አንዷ ገደለችኝ» የምትባል ነገር ራሷን የቻለች ጥበብ ናት። በዚህ ከተማ በሙሉ ትኬት የተበላ ሰው አላጋጠመኝም። ሁሉም በአንድ ጨዋታ ነው የሚበላው። አሥራ አንድ ጨዋታ በአንድ ትኬት ያስራል፣ ሁሉም ካልገቡ ብር የለም፣ አሥሩ ይገባሉ፣ አንዷ በ93ኛው ደቂቃ ትገድለዋለች። ስለዚህ ልጁ ተሸነፍኩ አይልም፣ ቀረሁ ነው የሚለው፤ ለትንሽ የቀረ ሰው ደግሞ ነገ ተመልሶ ይሞክራል እንጂ እቤቱ ይቀመጣል እንዴ?

ሒሳቡም ላይ ብዙ ተምረናል፤ ኦድ፣ ማለትም ከገባልህ ብርህ የሚባዛበትን ቁጥር፣ ማባዛት የማይችል ጎረምሳ ፒያሳ ላይ አታገኝም። 10 ጨዋታ እያንዳንዳቸው በ1.50 ቢታሰሩ 57.66 ይመጣል። 100 ብር 5,766 ብር ሆነች ማለት ነው። ይሄን ያክስቴ ልጅ መሪ በአንድ እጁ ይዞ በቃሉ ይነግርሃል። ያልነገረኝን እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ደረስኩበት፤ የአፑን አዳራሽ ውበት ይበልጥ ያጎላልኛልና እዚህ ላስፍረው። ሁለት እኩል ቡድኖች ይጋጠማሉ እንበል፣ አቻ የሌለበት ጨዋታ። አወራራጁ ቤት ለሁለቱም 1.90 ይሰጣል። አንተ በአንዱ ላይ 100፣ በሌላው ላይ 100 ብታስይዝ፣ ማንም ያሸንፍ ማን የምትቀበለው 190 ነው። 200 ሰጥተህ 190። ከመቶው 5 ብር ገና ኳሱ ሳይመታ በር ላይ ቀርታለች። አምስት ብር ምን አላት? ሰው መስጊድ ሲገባም ጫማውን በር ላይ ይተዋል። አሁን 10 ጨዋታ ስታስር ግን ቤቱ አምስቱን በመቶ አንዴ አይቆርጥም፤ በየጨዋታው፣ ከቀረው ላይ፣ አሥር ጊዜ ነው የሚቆርጠው። ከ100 ብርህ ጨዋታ የምትገባው 60 ገደማ ናት። 40ዋ ከጫማው ጋር በር ላይ ናት። ያቺ 5,766 ብርም ያለዚህ ቁርጥ 9,600 ግድም መሆን ነበረባት። ትኬቱ በረዘመ ቁጥር ተስፋው ይረዝማል ይላሉ ልጆቹ። ቁርጡም አብሮ መርዘሙን ማን ልብ ይላል።

«ሌስተርስ?» ይሉሃል። አማኞቹ የሚጠቅሱት ይሄን ነው። በ2015/16 የውድድር ዓመት መጀመሪያ ላይ የእንግሊዝ አወራራጅ ቤቶች ሌስተር ሲቲ ሻምፒዮን ይሆናል ላለ ሰው 5,000 ለ 1 ይሰጡ ነበር፣ ሌስተርም ሻምፒዮን ሆነ። እውነት ነው። በዚያ ዓመት ያልተወለደ ልጅ ሳይቀር ይህን ታሪክ ያውቃል። 10 ብር 50,000! በቀሩት ክለቦች ላይ ያስያዙት ሰዎች ታሪክ ግን አይተረክም፣ ለቡና ወሬ አይመችም።

ወደ አቪዬሽን እንለፍ። ደሴ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። መብረር የፈለገ ሐረጎን ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ነው የሚሳፈረው። አሁን ግን ምስጋና ለአቪዬተር፣ ከየካፌው ጠረጴዛ አውሮፕላን ይነሳል። ስፕራይብ የሚባል የጆርጂያ ድርጅት በፈረንጆቹ 2019 ያወጣው ጨዋታ ነው። ቀይ አውሮፕላን ከ1.00 ትነሳና 1.20፣ 1.85፣ 3.40 እያለች ትወጣለች። ከመጥፋቷ በፊት ከወረድክ ብርህ በደረሰችበት ቁጥር ይባዛል። ካልወረድክ ይዛህ ሄደች። የጉም ቀን ኮምቦልቻ ላይ በረራ ሊዘገይ ይችላል። ይቺ ግን ጉም አያግዳትም፣ መብራት ቢጠፋም ባትሪ እስካለ ትበራለች። ስትነሳ ሁላችንም አይተናል፤ ስታርፍ ያየ ግን የለም።

ሠሪዎቹ ከየ100 ብሩ 97ቱ ለተጫዋቾች ይመለሳል ነው የሚሉት። ደግ ሰዎች ናቸው። ሦስቷ ብር ግን የዙር ናት፣ ዙሩ ደግሞ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። በሰዓት 120 ዙር፣ በየዙሩ 10 ብር የሚያስይዝ ልጅ 1,200 ብር አመላልሶ በአማካይ 36 ብር አየር መንገድ ውስጥ ጥሎ ይወጣል፤ ከወንበሩ ሳይነሳ። በአማካይ ነው ያልኩት። አንዱ ልጅ በልቶ ካፌውን ያናጋዋል፣ ሌሎቹ ዝም ብለው ይወጣሉ። ለዚህ ነው ከውጭ የሚያልፍ ሰው የሚበላ ሰው ድምፅ ብቻ የሚሰማው።

ቅዳሜ ከሰዓት ግቡና እዩ። አንድ ማኪያቶ ለአራት ሰው። ብርጭቆው ላይ አረፋው ደርቋል፣ አስተናጋጇ ሦስት ጊዜ ጠረጴዛውን ወልውላለች፣ የሚገባው ገብቷታል ግን ምን ታድርግ፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። ጨዋታ የለ፣ ሐሜት የለ፣ ፖለቲካ የለ። ደሴ ውስጥ አራት ወንዶች ተቀምጠው ሰው ሳያሙ ሁለት ሰዓት ያሳለፉበት ጊዜ ከዚህ በፊት ነበር እንዴ? ይሄም ውለታ ነው። ኮምቦልቻም በደመወዝ ሰሞን እንደዚሁ ናት፣ የፋብሪካው ልጅ ፈረቃውን ጨርሶ ሲወጣ ደክሞት ራሱን የደፋ ይመስላል።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ባለቤቴ ሰኞ ገበያ ሽንኩርት ልካኝ መንገድ ላይ በ20 ብር የቆረጥኳት ትኬት 340 ብር በላች። ሽንኩርቱንም ገዛሁ፣ ሥጋም ጨመርኩ፣ ጀግና ሆንኩ። የተረገመች ሽንኩርት። ከዚያ በኋላ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደተበላሁ ባለቤቴ እንዳትሰማ እዚህ አልጽፍም። አንድ ቀን አፑ «100 ብር አስገባ፣ 100 ብር ጀባ እንልሃለን» አለኝ። አሉኝም። ወሎ ላይ ጀባ ያለህ ሰው መልሶ አይጠይቅህም፣ አይደል? ላወጣው ስል ቦነሱን መጀመሪያ አምስት ጊዜ አስይዘህ አዙረው አለኝ፤ ትኬቱ ሦስት ጨዋታ ይኑረው፣ እያንዳንዱም ከ1.40 አይነስ። አዞርኩት። ሦስተኛው ዙር ላይ ዞሮ ሄደ፣ የእኔንም 100 ይዞ። ሲሄድ አልከፋኝም፣ ብቻዬን አልሄድም ብሎ ነው።

መንግሥትም ድርሻውን አልረሳም። በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ በዕድል ጨዋታ ከ1,000 ብር በላይ የበላ 15 በመቶ ይገብራል ተብሎ ተጽፎ ነበር። ከተበላ ላይ ግን ግብር አይጠየቅም። ያክስቴ ልጅ ከግብር ነጻ የሆነ ዜጋ ነው።

ግን ከሁሉም የበለጠው ውለታ ልግስናችንን መልሶልናል። ወሎ ለጋስ ነው ሲባል ኖሯል፤ ኑሮው ሲከብድ እጃችን እያጠረ ሄዶ ነበር፣ ለጎረቤት አንድ ጀበና ቡና መጥራት እንኳ እየተቆጠረ ነው። አሁን ግን በየቀኑ እየሰጠን ነው። ለማን እንደምንሰጥ አናውቅም። የምንሰጠው ሰውዬ ደሴን አይቷት አያውቅ ይሆናል። አመሰግናለሁ አይለንም፣ እኛም አንጠብቅም። ቀኝ እጅህ የሰጠውን ግራ እጅህ አይወቅ እንደሚባለው በአውራ ጣት ብቻ ትሰጣለህ፣ ቀሪዎቹ ጣቶች አይሰሙም፣ ሚስትማ ከየት ትሰማለች። ዕቁብ ምን ይደንቃል? የሰጠኸውን ራስህ መልሰህ የምትበላበት፣ ራስ ወዳድነት ነው። ያክስቴ ልጅ ለኒካህ ብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠራቀማትን ጀባ ብሎ ጨርሷታል። ለባጃጁ ባለቤት የሚያስገባትን የቀን ገቢም አልፎ አልፎ ጀባ ይላታል። ይህን ያህል የሚሰጥ ሰው ድሮ ቢሆን መንዙማ ይወጣለት ነበር።

ትንንሾቹም እየተከተሉ ነው። አፑ «21 ዓመት ሞልቶሃል?» ብሎ ይጠይቃል። እኛ ሰፈር ያለው የስምንተኛ ክፍል ልጅ «አዎ» የሚለውን ይጫናል። አመነው። በዚህ አገር ሰው በቃሉ የሚታመንበት አንድ ቦታ ቢኖር ይሄው ነው።

ባለፈው እሑድ አክስቴ ቤት ቡና ላይ ነበርን። በረካው ደርሷል፣ ዕጣኑ ቤቱን ሞልቶታል። ባጃጇ በር ላይ ቆማለች። ልጁ ጥግ ላይ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ፣ ሲኒው ፊቱ ቀዝቅዟል። ድንገት ጭኑን መታ።

«ሁለቱም ያገባሉ!»

አክስቴ ቀና አለች። «እነማን ናቸው የሚያገቡት?»

«ሁለቱም እማ። ወላሂ እርግጠኛ ነኝ።»

«አልሃምዱሊላህ!» እጇን ዘረጋች። «ያግቡ፣ ይውለዱ፣ ይክበዱ። አሚን በሉ እንጂ!»

እኔም ባለቤቴም «አሚን» አልን። አክስቴ ጉልበቷን እያሻሸች ዞረችበት።

«አንተስ? መቼ ነው የምታገባው?»

ቀና አላለም።

«ቆይ እማ» አለ፣ «ገና 70ኛው ደቂቃ ነው።»