ሱትሮ የሠራው ለከተማው ነው ወይስ ለኪሱ? (ክርክር)

አዶልፍ ሱትሮ በ1830 አኸን በምትባል የፕሩሲያ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በ1850 የወርቁ ወሬ ስቦት ሳን ፍራንሲስኮ ገባ፤ ሲጋራና ትምባሆ ነገደ። ቀጥሎ ኔቫዳ ተሻግሮ በኮምስቶክ የብር ማዕድን ሥር በስሙ የሚጠራውን ዋሻ አስቆፈረ። ከ1880 ወዲህ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተመልሶ ሰፊ መሬት ገዛ፤ አትክልት ተከለ፣ የባሕር ውሃ መዋኛ አሠራ፣ መጻሕፍት ሰበሰበ፤ ከ1895 እስከ 1897 ደግሞ ከንቲባ ሆነ። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) የክርክሩ ጭብጥ «ሱትሮ የከተማ ባለውለታ ሊባል ይገባዋል» የሚል ነው። ጭብጡን የሚደግፉት የማዕድን መሐንዲስ ናቸው፤ የሚቃወሙት ደግሞ የከተማ ታሪክ መምህርት።

ኢንጂነሩ፦ እኔ ከውሃው ልጀምር። ብሩ ያለበት ዓለት ቨርጂኒያ ሲቲ በምትባል የኔቫዳ ከተማ ሥር አዘንብሎ ወደ ጥልቅ ይወርዳል። ቆፋሪው በወረደ ቁጥር ዓለቱ ያቆረው ትኩስ ውሃ ይፈነዳበታል፤ ከታች ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ የሚያልፍ ውሃ ነበር። የማዕድን ኩባንያዎቹ መላ ያሉት ከጉድጓዱ አፍ ላይ በእንፋሎት የሚሠራ ፓምፕ ተክሎ ውሃውን እስከ ላይ መሳብ ነው። ሱትሮ ነገሩን ገለበጠው፤ ውሃው ወደ ላይ ከሚሳብ በራሱ ይውረድ አለ። ከካርሰን ወንዝ ሸለቆ፣ ከዴይተን አጠገብ ተነስቶ በጥቂቱ ሽቅብ እያለ ተራራው ውስጥ የሚገባ ዋሻ ቢቆፈር፣ ማዕድኑ ጋ ሲደርስ ከላይኛው መሬት 500 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል።

ስሌቱን አብረን እንሥራው። በቀን 3 ሚሊዮን ጋሎን ብንወስድ ከ11 ሺህ ቶን በላይ ውሃ ነው። ይህን 500 ሜትር ለማንሳት፣ ምንም ብክነት የለም ብለን ብናስብ እንኳ፣ ሌት ተቀን የማይቋረጥ 640 ኪሎ ዋት ገደማ ይጠይቃል። የዘመኑ የእንፋሎት ሞተር ደግሞ ከሚነደው እንጨት ወደ ሥራ የሚለውጠው እጅግ ጥቂቱን ነው፤ እንጨቱም ከሴራ ኔቫዳ ተራሮች ተቆርጦ የሚመጣ ነው። ዋሻው አንዴ ካለቀ ይህን ሥራ ስበት በነጻ ይሠራዋል። በዚያ ላይ አየር ያስገባል፤ ከታች ላለው ሰራተኛ ደግሞ ሁለተኛ መውጫ ይሆነዋል። በኤፕሪል 1869 የሎው ጃኬት በተባለው ማዕድን እሳት ተነስቶ ቢያንስ 35 ሰዎች ሲሞቱ፣ ይህ ሁለተኛ መውጫ ምን ማለት እንደሆነ ቆፋሪው ሁሉ ገብቶታል።

መምህርቷ፦ ስሌቱን አልከራከርም፤ ኢንጂነር፣ እርስዎ ያላነሱት ሌላ ስሌት ግን አለ። በ1866 ሱትሮ ከማዕድን ኩባንያዎቹ ጋር የተዋዋለው፣ በዚያው ዓመት ኮንግረስም በሕግ ያጸናለት፣ ከሚወጣው እያንዳንዱ ቶን ማዕድን 2 ዶላር እንዲከፈለው ነው። ማዕድኑ በዋሻው አለፈ አላለፈ ለውጥ የለውም፤ ከዋሻው ከተጠቀመ ማዕድን የወጣ እስከሆነ ድረስ ይከፈልበታል። ይህ በአንድ አውራጃ ሀብት ላይ የተጣለ ግብር ነው፤ ሰብሳቢው ግን መንግሥት ሳይሆን አንድ ኩባንያ ነበር። ከዋሻው አፍ ላይ ሱትሮ የምትባል ከተማ ቆርቁሮ ማዕድኑን የሚፈጩት ወፍጮዎችና ንግዱ ከቨርጂኒያ ሲቲ ወደዚያ እንዲወርዱ ማቀዱንም አይርሱ። በገዛ መሬቱ፣ በገዛ ስሙ! ይህን የሕዝብ ሥራ ማለት ይከብደኛል።

ኢንጂነሩ፦ ትርፍ አላሰበም አላልኩም። ነጋዴ ነው። ግን ማንን ገጥሞ እንደነበር ይታይልኝ። ያን ጊዜ ኮምስቶክን የያዘው የካሊፎርኒያ ባንክ ነበር፤ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ዊልያም ራልስተን፣ ቨርጂኒያ ሲቲ ላይ ዊልያም ሻሮን። ብድሩ የነሱ፣ ወፍጮው የነሱ፣ በኋላም የባቡር መስመሩ የነሱ። መጀመሪያ ደገፉት፤ ዋሻው ወፍጮውንና ማመላለሻውን ከእጃቸው እንደሚያወጣ ሲገባቸው ፊታቸውን አዞሩበት፤ ያኔ የአገሩ ገንዘብ በሙሉ ተዘጋበት። በ1869 ከእሳቱ በኋላ ወደ ቆፋሪዎቹ ሄዶ ተናገረ፤ ማኅበራቸው 50 ሺህ ዶላር ሊያዋጣለት ተስማማ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 19 ቁፋሮው ተጀመረ። ትልቁ ገንዘብ በኋላ ከለንደኑ የማክካልመንት ባንክ መጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው የድካም ታሪክ ነው። የዋሻው ርዝመት 20,489 ጫማ፣ ማለትም 6.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከማዕድኑ ጋር የተገናኘው በጁላይ 8 ቀን 1878 ነው። ቀኑን ቢያካፍሉት በአማካይ በቀን ሁለት ሜትር ይደርሳል። መጀመሪያ በእጅ መዶሻና በባሩድ ተቆፈረ፤ ቆይቶ በተጨመቀ አየር የሚሠሩ የበርሊ መሰርሰሪያዎች ገቡ፣ ሥራውም ፈጠነ። የሚያሳቅቀው ዓለቱ ሳይሆን ሸክላው ነበር፤ አየር ሲነካው እያበጠ የእንጨት ምሰሶውን ይሰብራል፣ ወለሉን ወደ ላይ ይገፋል፣ የተሠራው እንደገና ይሠራል። መጨረሻው አካባቢ የቁፋሮው ጫፍ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ነበር። ሰው እየተፈራረቀ ነው የሚሠራው፤ በቅሎዎቹ እንኳ ከአየር ቧንቧው አፍ አልላቀቅ ይሉ ነበር።

መምህርቷ፦ የቆፋሪውን ድካም ከልቤ አከብራለሁ። ሰውየውን የምንመዝነው ግን በውጤቱ ነው፤ ውጤቱ ደግሞ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። ትልቁ የብር ክምችት በ1873 ተገኘ፤ እስከ 1877 ተሟጠጠ ማለት ይቻላል። ዋሻው የደረሰው በ1878 ነው። ማዕድኖቹ በዚያን ጊዜ ከዋሻው በታች ወርደው ነበር፤ ስለዚህ ውሃው በራሱ አልፈሰሰም፣ መጀመሪያ በፓምፕ ወደ ዋሻው መነሳት ነበረበት። ኩባንያዎቹም እምቢ አሉ፤ በ1879 በአዲስ ውል ከ40 ዶላር በታች ለሚያወጣ ቶን ክፍያው ወደ 1 ዶላር ወረደ።

ቀጥሎ የሆነው ነው ለእኔ ዋናው ነጥብ። ሱትሮ ክምችቱ እያለቀ መሆኑን ያውቃል። የአክሲዮን ድርሻውን በዝግታ ሸጠ፣ ሥራ አስኪያጅነቱን ለቀቀ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ተመለሰ። ዋሻው ዕድሜ ልክ ይከፍላል ተብሎ የተነገረው ባለአክሲዮን የረከሰ ወረቀት ይዞ ቀረ። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ዛፍ የተተከለበት፣ መዋኛ የተሠራበት ገንዘብ ከዚህ የመጣ ነው።

ኢንጂነሩ፦ ጅቡ እንኳ አልሄደም ነበር፤ ደክሞ ነበር እንጂ። ማዕድኑ 700 ሜትር ላይ ቢሆን፣ ያለ ዋሻው ውሃው 700 ሜትር ይሳባል፤ በዋሻው ግን 200 ሜትር ተስቦ እዚያው ይፈሳል። ይህ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ቁጠባ ነው፤ ኩባንያዎቹ በ1879 የፈረሙትም ለዚህ ነው። መሸጡን በተመለከተ ግን ለመከላከል አልሞክርም። የሸጠው ለሚያምኑት ሰዎች ነው።

ወደ ከተማው ልግባ፤ እዚያ ነው ሰውየው የሚታየው። በውቅያኖሱ ዳር ባለው ኮረብታ ላይ የነበረውን የራሱን ግቢ አትክልት አስተክሎ ለማንም ክፍት አደረገው። ችግሩ መድረሱ ነበር፤ ከመሐል ከተማ እስከ ባሕሩ ሩቅ ነው። ወደዚያ የሚወስደው የእንፋሎት ባቡር መስመር ሳውዘርን ፓሲፊክ በሚባለው ትልቅ የባቡር ኩባንያ እጅ ሲገባ ሠራተኛው ሕዝብ በአንድ ጉዞ 5 ሳንቲም የነበረውን 10 እንዲከፍል ሆነ። ሱትሮ ምን አደረገ? በዚያ ባቡር የሚመጣውን ሰው 25 ሳንቲም የሚያስከፍል አጥር አቆመ፤ በሌላ መንገድ ለሚመጣ ነጻ። ከዚያም የራሱን የኤሌክትሪክ መስመር ዘርግቶ በ1896 በ5 ሳንቲም አስጀመረ። ባልና ሚስት ከሦስት ልጆች ጋር ሄደው ሲመለሱ በ10 ሳንቲሙ አንድ ዶላር፣ በ5 ሳንቲሙ ግማሽ ዶላር ነው። እሑድን ባሕር ዳር ማዋልና ቤት መዋል የሚለየው ያ ግማሽ ዶላር ነበር።

መዋኛውን ደግሞ በመሐንዲስ ዓይን ይዩልኝ። ማርች 14 ቀን 1896 ተከፈተ፤ ሰባት ገንዳ፣ ስድስቱ የባሕር ውሃ፣ አንዱ ጨው የሌለበት ውሃ፤ ጣሪያው ሁሉ መስታወት። ገንዳዎቹ በጠቅላላ 1.7 ሚሊዮን ጋሎን ይይዛሉ። ውሃው የሚገባው በባሕሩ ሙላት ነው፤ ማዕበሉ በዓለት ውስጥ የተጠረበ መቀበያ ላይ ይወጣል፣ አሸዋው በማረጋጊያ ይቀራል፣ የጠራው ወደ ገንዳዎቹ ይወርዳል፤ ባሕሩ ሲሞላ በአንድ ሰዓት ይሞላል። ባሕሩ ሲጎድል በደቂቃ 6,000 ጋሎን የሚገፋ ፓምፕ ይሠራል፤ ያኔ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ዋሻው ላይ ውሃን በስበት እንዳስወጣ፣ እዚህ በባሕር ሙላት አስገባው። ለዋና 25 ሳንቲም፣ ልብስና ፎጣ ጨምሮ። ለሠራተኛ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

መምህርቷ፦ ለየትኛው ሠራተኛ? ጁላይ 4 ቀን 1897 ጆን ሃሪስ የተባለ ጥቁር ሰው ከነጭ ጓደኞቹ ጋር ሄዶ ትኬት ገዛ፤ እንዲዋኝ አልተፈቀደለትም፣ መመልከት ብቻ ተባለ። ካሊፎርኒያ በዚያው ዓመት በሕዝብ መገልገያዎች ልዩነትን የሚከለክል ሕግ አውጥታ ነበርና ከሰሰ፤ አሸንፎም 100 ዶላር ተፈረደለት። ለሠራተኛው እሑድን ሰጠ የሚሉት ያ የመስታወት ቤት በሩ ላይ ቀለም ይለይ ነበር። ባለቤቱ ሱትሮ ነው። ከንቲባ ከነበረበት ወንበር ከወረደ ገና ስድስት ወሩ ነው።

ኢንጂነሩ፦ ለዚህ መልስ የለኝም። ጥፋት ነው፤ የአስተዳዳሪው ትእዛዝ ነበር ብል እንኳ ቤቱ የሱ ነው። ከንቲባነቱን ካነሱት ግን ልመልስ። በ1894 በፖፑሊስት ፓርቲ ተመርጦ ሲገባ የሳን ፍራንሲስኮ ከንቲባ እጁ የታሰረ ነበር፤ ገንዘቡም ውሉም በ12ቱ የምክር ቤት አባላት እጅ ነው። ለከንቲባው ጉልህ ሥልጣን የሰጠው አዲስ ቻርተር (የከተማው መተዳደሪያ ሕግ) ሥራ ላይ የዋለው በ1900 ነው። ሆኖም ከወንበሩ አንድ ነገር አደረገ፤ የባቡር ኩባንያው ለፌዴራል መንግሥት ያለበትን የቆየ ዕዳ ለአሥርት ዓመታት ለማራዘም ዋሽንግተን ላይ የቀረበውን ሕግ ታገለ። ሕጉ በጃንዋሪ 1897፣ ሱትሮ ሥልጣኑን በለቀቀበት ወር፣ ወደቀ። ብቻውን ጣለው አልልም፤ ከታገሉት የጎላው ግን ነበር።

መምህርቷ፦ እቀበላለሁ። ዛፎቹንም እቀበላለሁ፤ ዛሬ በስሙ በሚጠራው ሌላ ኮረብታ ላይ የተከለው ነጭ ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ያለበሰው ያው ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። በ1895 ለካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጆች 13 ኤከር መሬት መስጠቱንም እንዲሁ፤ ዛሬ የሕክምና ትምህርት ቤቱ ያለው እዚያ ነው። በዚህኛው ስጦታ አልከራከርም፤ ምክንያቱም በሕይወት እያለ፣ ለተቋም፣ በሰነድ ሰጠው። የእኔ ነጥብም ይኸው ነው። በሰነድ የሰጠው ቆሟል። በራሱ እጅ አቆይቶ «ለሕዝብ» ያለውን ግን ይዩት።

መጻሕፍቱን እንውሰድ። ከ200 ሺህ በላይ ሰበሰበ። በ1884 ኢየሩሳሌም ላይ የገዛቸው በእጅ የተጻፉ የየመን አይሁድ የዕብራይስጥ መጻሕፍት ነበሩበት፤ የመጀመሪያዎቹ የማተሚያ ዘመን መጻሕፍት በሺዎች ነበሩበት። ለከተማው ነጻ ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ አለ፤ ግንብ ሳያስገነባ፣ ተቋም ሳያቋቁም፣ የአስተዳደር ቦርድ ሳይሰይም በኦገስት 1898 ሞተ። መጻሕፍቱ ለሁለት ተከፍለው ተከማችተው ነበር፤ አንዱ በባተሪ መንገድ ባለ መጋዘን፣ አንዱ ሞንትጎመሪ ብሎክ በሚባለው ሕንጻ። ወራሾቹ በፍርድ ቤት ለዓመታት ተካሰሱ። በዚያ መሐል የ1906ቱ የመሬት መንቀጥቀጥና እሳት መጣ። የባተሪው መጋዘን ተቃጠለ፤ ሞንትጎመሪ ብሎክ ተረፈ። የትኛው መጽሐፍ እንደሚድን የወሰነው በየትኛው ቦታ ተከማችቶ እንደነበረ ብቻ ነው።

ኢንጂነሩ፦ የተረፈው ግን ለሕዝብ ደርሷል፤ ወደ 90 ሺህ ገደማ መጻሕፍት የካሊፎርኒያ ስቴት ቤተ መጻሕፍት ክፍል ሆነው ዛሬም ይነበባሉ። ይህን ባለቤቱ ሳይሰበስብ ማን ይሰበስበው ነበር?

መምህርቷ፦ መሰብሰቡን አልክድም። የተረፉት ለስቴቱ የተሰጡት በ1913 ነው፤ ከሞተ ከ15 ዓመት በኋላ፣ በወራሾቹ ፊርማ። መጻሕፍቱ ከሳን ፍራንሲስኮ ክልል እንዳይወጡ የሚለውን ቅድመ ሁኔታ በሰነዱ ያስገቡትም ወራሾቹ ናቸው እንጂ እሱ አይደለም።