ባሮሎን ምድጃ አጠገብ?

ሰው እንዴት ባሮሎን የሚያህል የጣሊያን ቀይ ወይን ከምድጃ አጠገብ መደርደሪያ ላይ ያቆማል? ያውም ሮም ባለ ምግብ ቤት ውስጥ! ባሮሎ የሚሠራባት የሰሜን ጣሊያኗ የፒየሞንት ሰዎች ኔቢዮሎ የሚባለውን የወይን ፍሬ ለቅመው፣ ጠምቀው፣ ሕጉ እንደሚያዘው ቢያንስ 38 ወር ያቆዩታል፤ 18ቱን በእንጨት በርሜል። የኔው ደግሞ ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት በጠርሙሱ ያረፈ ነው። አስተናጋጁ ግን እያወዛወዘ አምጥቶ ቀዳው፤ አተላው ሁሉ ብርጭቆዬ ውስጥ ገባ። (ጠጅ ቤት እንኳ እንዲህ የሚቀዳ ይሰደባል።)

ሞቀብኝ ስለው "ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ነው የሚጠጣው" አይለኝ መሰላችሁ! በሐምሌ የሮም ሙቀት? የክፍል ሙቀት ለእንዲህ ያለ ወይን ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ማለት እኮ ነው። ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫን ይመታል፤ ያ የሚወራለት የጽጌረዳና የሬንጅ ሽታ ደብዛው ይጠፋል።

ምግቡስ? ሎሚ የተጨመቀበት ዓሣ "ምርጥ ይሄዳል" ብሎ አስመረጠኝ። እንዲህ አፍ የሚያደርቅ ወይን ከዓሣ ጋር ብረት ብረት ይላል እንጂ ምን ይሄዳል! በጥብስ ቅጠል የተጠበሰ የበግ ሥጋ እዚያው ዝርዝሩ ላይ ተቀምጦ!

ሂሳቡ ላይ ደግሞ "የአገልግሎት" ብለው ጨምረውበታል። የምን አገልግሎት?